የልምምድ ጫና ምንድን ነው?

እሁድ ቡድኑ ተሸነፈ። ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ እስኪዝሉ አስሮጣቸው። ደሴም ኮምቦልቻም የታዳጊ እግር ኳስ ቡድን የሚከታተል ሰው ይህን ያውቀዋል። ቅጣቱ ግን ብቃት አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የልምምድ ጫናን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጫና ሁለት መልክ አለው። ውጫዊው ተጫዋቹ የሠራው ነው፤ የሮጠው ኪሎ ሜትር፣ የዘለለው፣ የቆየበት ደቂቃ። ውስጣዊው ደግሞ ያ ሥራ በአካሉ ላይ ያሳረፈው ክብደት ነው። ሁለት ልጆች እኩል ሮጠው አንዱ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ሊደክም ይችላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ስለዚህ ኮምቦልቻ የለመደ ልጅ ደሴ ወጥቶ ያንኑ ሩጫ ሲሮጥ ልቡና ሳንባው የበለጠ ይሠራሉ። ሙቀትም፣ እንቅልፍ ማጣትም፣ ጾምም እንዲሁ ያከብዱታል። በረመዳን ልምምዱን ቀለል አድርጎ ካፈጠሩ በኋላ ማሠራት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ትልልቅ ክለቦች በጂፒኤስ ይለካሉ። እኛ ጋ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። አሜሪካዊው የስፖርት ሳይንቲስት ካርል ፎስተር ያስተዋወቀው ዘዴ ቀላል ነው። ልምምድ ካለቀ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁት፦ «ከ0 እስከ 10 ስንት ከበደህ?» መልሱን ልምምዱ በፈጀው ደቂቃ አባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር የዚያ ልምምድ ጫና ነው። የ90 ደቂቃ ልምምድ 7 ከተባለ 630 ነው። የ60 ደቂቃው 3 ከተባለ 180። ለብቻው የምትጠይቁት ከጓደኛው እንዳይኮርጅ ነው። ግማሽ ሰዓት የምትጠብቁት ደግሞ የመጨረሻዋ ሩጫ ብቻ መልሱን እንዳታዛባው ነው።

አካል የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት አይደለም። ልምምድ ያደክማል፤ ጥንካሬው የሚመጣው በእረፍት፣ በምግብና በእንቅልፍ ሲጠገን ነው። አንድ ተጫዋች በጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ከዚያ በኋላ ጡንቻው እስኪያገግምና ያለቀው ጉልበት እስኪተካ ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈጃል። የሰኞው የቅጣት ሩጫ የሚያርፈው እዚህ መሀል ላይ ነው።

ጫና ማነስም ያው ጉዳት አለው፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የሰነበተ ልጅ ድንገት 90 ደቂቃ ሲጫወት የጭኑ የኋላ ጡንቻ አይችለውም። እሁድ ላልተሰለፉት ሰኞ ጠንከር ያለ ልምምድ ስጧቸው። ከክረምት እረፍት የተመለሱትንም ቀስ በቀስ አስጀምሯቸው።

ውጤት የሚመጣው ጫናን አመጣጥኖ ጉዳትን ከመቀነስ ነው። በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ላይ ለ11 ዓመታት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ጉዳት ያነሰባቸው ዓመታት የተሻለ ውጤት የታየባቸው እንደነበሩ አሳይቷል። ምርጥ ልጆቻችሁ ጤነኛ ሆነው ካልተሰለፉ ታክቲኩ ማንን ይዞ ይሠራል?

ደብተሩ ላይ አንድ ነገር በደንብ ተከታተሉ። ሁልጊዜ 5 ይል የነበረ ልጅ ለዚያው ልምምድ 8 ካለ ሰነፍ አትበሉት። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛ? ቁርስ በላ? የፈተና ሰሞን ነው? ከትምህርት ቤት መልስ የጉልበት ሥራ ይሠራል? ጠይቁት፣ የዚያን ቀን ልምምዱንም ቀንሱለት።