የታሰረ ኢንዛይም ምንድን ነው?

ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ከኢንዛይም ጋር ሠርቷል፤ ኢንዛይም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የብቅሉ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጣል፤ ያንን ስኳር እርሾ አልኮል ያደርገዋል። ኢንዛይም እየሠራ አያልቅም፤ አንዱን ሞለኪውል ጨርሶ ሌላውን ይይዛል። ችግሩ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ነው። ፍሳሽ ለማጥራት ቢጨመር ከፍሳሹ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ያን ያህል ውድ ነገር ለወንዝ መገበር ደግሞ አያዋጣም።

ስለዚህ ከጠጣር ነገር ጋር ይታሰራል፤ ውሃው ያልፋል፣ እሱ ይቀራል። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኔልሰንና ግሪፊን ስኳር ሰባሪው ኢንቨርቴዝ ከሰል ላይ ተጣብቆም ሥራውን እንደማያቆም አሳይተዋል። ከሰል ላይ ማጣበቅ ቀላል ነው፤ ግን የውሃው ጨዋማነት ሲለወጥ ሊላቀቅ ይችላል። ግሉታራልዲሃይድ በተባለ አያያዥ ኬሚካል ማሰር ይጠነክራል፤ ቋጠሮው የኢንዛይሙን ሠራተኛ ክፍል ከነካ ግን አቅሙን ይቀንሳል። ሦስተኛው አልጂኔት በተባለ ከባሕር አረም በሚገኝ ዝልግልግ ነገር ውስጥ መዝጋት ነው። የኢንዛይሙና የአልጂኔቱ ድብልቅ ጠብ ጠብ እያለ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሲገባ ከአተር ያነሱ ለስላሳ እንክብሎች ይሆናል። እኔን የሚማርከኝ ይህኛው ነው፤ ምንም እንኳ ኢንዛይሙ በቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ቢያፈስስም።

ለውሃ ማጥራት ብዙ የተደከመበት ላኬዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ዮሺዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1883 በቫርኒሽ ዛፍ ፈሳሽ ውስጥ አገኘው፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚወሰደው እንጨት ከሚያበሰብሱ እንጉዳዮች ነው። በአራት የመዳብ አቶሞቹ አማካይነት ከጨርቅ ማቅለሚያ ወይም ፌኖል ከተባለው መርዛማ ኬሚካል ኤሌክትሮን ነጥቆ ለኦክሲጅን ይሰጣል፤ ኦክሲጅኑም ውሃ ይሆናል። የተነጠቁት ሞለኪውሎች ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው ይዘቅጣሉ፤ ያኔ ማጥለል ይቻላል።

ቀለሙ ጠፋ ማለት ግን መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ስባሪው ከዋናው ይብሳል። ብረታ ብረት ላይም ኢንዛይም እንዲህ ያለ አቅም የለውም። በአቃቂ ወንዝ ስሙ የሚነሳው የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ራሱ ንጥረ ነገር ስለሆነ የሚሰበር ነገር የለውም፤ እሱን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ አዝቅጦ ማስቀረት ያስፈልጋል።