ሄላስ ቬሮና፦ ዋንጫ ያነሳው የክፍለ ሀገር ክለብ

የጣሊያን ኳስ ሲነሳ አፋችን ላይ የሚመጡት ያው ጁቬንቱስ፣ ሚላን፣ ኢንተር፣ ሮማ ናቸው። ሴሪ ኣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ የሚጫወትበት አንድ ሊግ ከሆነበት ከ1929 ወዲህ ግን የክልል ዋና ከተማ ካልሆነች ከተማ ተነስቶ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ አንድ ብቻ ነው፤ ሄላስ ቬሮና፣ በ1985። (ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ዋንጫው ከሚላን፣ ከቱሪን፣ ከሮም፣ ከኔፕልስና አንዴ ከጄኖዋ ወጥቶ አያውቅም።

ቬሮና በቬኔቶ ክልል በአዲጄ ወንዝ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የክልሉ ዋና ከተማ ቬኒስ ነው። ክለቡን በ1903 የመሠረቱት የማፌይ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲሆኑ ሄላስ የሚለውን የግሪክ ስም ያወጣላቸው መምህራቸው ነው። ማሊያው ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ የከተማዋ ቀለም። ሴሪ ኣን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ1957 ሲሆን በዓመቱ ወረደ። በ1968 ተመልሶ መጣ።

በ1973 የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ሚላን ሊጉን እየመራ ወደ ቬሮና ሜዳ ወደ ቤንቴጎዲ ስታዲየም መጣ። ቬሮና 5 ለ 3 አሸነፈው፤ ዋንጫው ለጁቬንቱስ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና የክለቡ ፕሬዚዳንት ለተጋጣሚ ተጫዋች ስልክ ደውለዋል ተብሎ ቬሮና በውሳኔ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ወደ ሴሪ ቢ ተወረወረ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ኦስቫልዶ ባኞሊ በ1981 ሲመጣ ነው። ከሚላን የሠራተኛ ሰፈር የወጣ፣ ወሬ የማያበዛ አሰልጣኝ ነው። ቡድኑን ከሴሪ ቢ በአንድ ዓመት አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት 4ኛ ሆነ፤ በ1983ና በ1984 ለጣሊያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ (ኮፓ ኢታሊያ) ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ትልልቆቹ ክለቦች ያልፈለጓቸው ነበሩ። ፋናና ጋልዴሪሲ ጁቬንቱስ ቤት ቋሚ ቦታ ያጡ ናቸው። በረኛው ጋሬላ ላዚዮ ሳለ በስህተቶቹ ይቀለድበት ነበር፤ ኳስን በእግሩ፣ በጉልበቱ፣ ባገኘው የሰውነት ክፍል ይመልሳል፣ ብቻ አትገባም። በ1984 ክረምት ሁለት የውጭ ሰዎች ተጨመሩ፤ ጀርመናዊው ብሪጌልና ዴንማርካዊው አጥቂ ኤልክዬር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከናፖሊ ጋር ነበር፤ ማራዶና በሴሪ ኣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገበት ቀን ማለት ነው። ብሪጌል እግር በእግር ተከታትሎ አላፈናፍን አለው፤ አልበቃ ብሎት ራሱ ጎል አገባ። 3 ለ 1 አለቀ። ጥቅምት ላይ ጁቬንቱስ መጣ። ኤልክዬር በግራ መስመር ኳስ ይዞ ሲበር ስቴፋኖ ፒዮሊ (በኋላ ሚላንን ያሰለጠነው ሰው) ሊያስቆመው ገባ። የኤልክዬር ታኬታ ወለቀ። እሱ ግን አልቆመም፤ ወደ ሳጥኑ ገብቶ በካልሲው ብቻ መታትና መረቡ ላይ አሳረፋት። 2 ለ 0።

በ30 ጨዋታ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸነፉ። 15 አሸነፉ፣ 13 አቻ ወጡ፤ ያኔ ማሸነፍ 2 ነጥብ ስለነበር 43 ነጥብ ሰበሰቡ፣ ከሁለተኛው ከቶሪኖ በ4 በልጠው። ግንቦት 12 ቀን ቤርጋሞ ላይ ከአታላንታ ጋር 1 አቻ ሲወጡ ዋንጫው የነሱ ሆነ። አቻ ያደረጋቸውም ኤልክዬር ነው።

ስለዚህ ዋንጫ ሲወራ የማይቀር ነገር አለ፤ ያን ዓመት ዳኞች የሚመደቡት በዕጣ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አሠራሩ ቀረ። አንዳንዱ ይሄን የሚያነሳው ትልልቆቹ ያለ ዳኛ እርዳታ አያሸንፉም ለማለት ነው፤ ሌላው ደግሞ የቬሮናን ድል ለማሳነስ። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ባኞሊ ሦስት ዓመት ሙሉ የገነባው ቡድን ነው ያሸነፈው፤ ደግሞ ዕጣው ለሁሉም እኩል ነበር።

የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫው ብዙ አልዘለቀም። የግሪኩን ፓኦክን ካሸነፉ በኋላ ገና በሁለተኛው ዙር ከጁቬንቱስ ጋር ተገናኙ፤ የመልሱ ጨዋታ በሄይዝል አደጋ (በ1985 የጁቬንቱስና የሊቨርፑል ፍጻሜ ላይ ደጋፊዎች ያለቁበት) ቅጣት የተነሳ በባዶ ስታዲየም ተደርጎ ወደቁ። ጋሬላ ወደ ናፖሊ፣ ፋናና ማራንጎን ወደ ኢንተር ቀድመው ተሸጠው ነበር። በ1990 ሚላንን እንደገና ዋንጫ አሳጡት፤ 2 ለ 1 ሲያሸንፉት ሻምፒዮንነቱ ለናፖሊ አለፈ። እነሱ ግን በዚያው ዓመት ወረዱ። በ1991 ክለቡ ከሰረ። ከ2007 እስከ 2011 በሦስተኛው ዲቪዚዮን ቆይቶ በ2013 ሴሪ ኣ ተመለሰ፤ ሉካ ቶኒም በ38 ዓመቱ በ22 ጎል የ2015 ኮከብ ጎል አግቢነትን ከኢንተሩ ኢካርዲ ጋር ተጋራ።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ከደጋፊው የተወሰነው ክፍል በዘረኝነት የታወቀ ነው። በ1996 ክለቡ ጥቁር ሆላንዳዊ ተጫዋች ሊያስፈርም ነው ሲባል ስታዲየም ውስጥ ጥቁር የተቀባ አሻንጉሊት አንገቱን አንቀው ሰቀሉ። ዝውውሩም ቀረ። በ2019 የብሬሻው ጥቁር ጣሊያናዊ አጥቂ ባሎቴሊ የዝንጀሮ ድምፅ ሲያሰሙበት ኳሷን ወደ ደጋፊው ጠልዞ ከሜዳ ልወጣ አለ፤ የስታዲየሙ አንድ ክፍል ተዘጋ፣ ክለቡም አንድ የደጋፊ መሪ እስከ 2030 ድረስ ድርሽ እንዳይል አገደ። ይሄን ሳይነግሩ የ1985ን ብቻ ማውራት ለእኔ ልክ አይደለም።

በ2023 ቬሮናና ስፔዚያ በእኩል 31 ነጥብ ስለጨረሱ ማን እንደሚወርድ ለመለየት ሬጆ ኤሚሊያ ላይ ተጋጠሙ። ቬሮና 3 ለ 1 አሸነፈ፤ በረኛው ሞንቲፖ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱን ያገባው ኮንጎ ዘር ያለው ጥቁር ቤልጂየማዊ ሲሪል ንጎንጄ ነው።