ከሰማይ የወደቀ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በአገራችን መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የማን ወገን እንደሆነ ሳይጣራ እግሩ ይታጠባል፤ ከእሳቱ ዳር ቦታ ይለቀቅለታል፤ ወሬው የሚጠየቀው ከእራት በኋላ ነው። ስለዚህ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ያለውን ቃል ስንሰማ አያቶቻችን ሲያደርጉት ያየነውን ነገር እንደሚናገር እናውቃለን። ነገር ግን እንግዳው በር አንኳኩቶ ሳይሆን ከሚነድ አውሮፕላን በፓራሹት ዘሎ ማሳችን ላይ ቢወድቅስ? ያሳደረው ሰው በሞት የሚቀጣ ቢሆንስ? ይባስ ብሎ የእንግዳው ጓዶች ትናንት በጎረቤታችን ልጆች ላይ ቦምብ የጣሉ ቢሆኑስ? ይህን ጥያቄ የማነሣው ለክርክር ያህል አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቤልጅየም፣ በሆላንድና በፈረንሳይ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች በእርግጥ የኖሩበት ጥያቄ ነው።

ከእንግሊዝ ምድር የሚነሡት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጀርመን ለመድረስ ጀርመን በወረረቻቸው በእነዚህ አገሮች ሰማይ ላይ ማለፍ ነበረባቸው፤ እንግሊዞች በአብዛኛው በሌሊት፣ አሜሪካኖች በቀን። በብሪታንያ የቦምብ ጣይ ዕዝ ሥር ከበረሩት 125,000 ያህል ሰዎች መካከል 55,573ቱ ሞተዋል፤ ይህም ከመቶ ሰው 44 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1944 ሌሊት ወደ ኑረምበርግ ከተላኩት 795 አውሮፕላኖች 95ቱ አልተመለሱም። ላንካስተር የሚባለው አውሮፕላን ሰባት ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ከሰባቱ አንዱ በጅራቱ በኩል በመስታወት ጎጆ ውስጥ ተኮራምቶ ለሰዓታት በብርድ የሚቀመጠው ተኳሽ ነው። ቦታው እጅግ ጠባብ ስለነበር ፓራሹቱን ደረቱ ላይ አስሮ መቀመጥ አይችልም፤ ከኋላው ባለው የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ይሰቅለዋል። እሳት ሲነሣ በሩን ከፍቶ፣ ወደ ኋላ እጁን ዘርግቶ፣ ፓራሹቱን ጎትቶ፣ ታጥቆ መዝለል አለበት፤ ይህ ሁሉ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ሲወርድ ነው። ብዙዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል።

የተረፈው ግን በጨለማ ውስጥ የማያውቀው እርሻ ላይ ይወርዳል። ቋንቋው ሌላ ነው፤ ልብሱ ከሩቅ ይጮኻል፤ ፓራሹቱ ነጭ ሆኖ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ገበሬው ጎህ ሲቀድ ላሞቹን ሊያልብ ሲወጣ ያገኘዋል። በዚያች ደቂቃ ገበሬው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በየግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያ። በፈረንሳይ የጀርመን ጦር አዛዥ እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣው ትእዛዝ፣ በፓራሹት የወረደን የጠላት በራሪ የረዳ ወንድ በጥይት እንደሚገደል፣ ሴት ብትሆን ወደ ጀርመን ማጎሪያ ካምፕ እንደምትላክ፣ አሳልፎ ለሰጠ ግን እስከ 10,000 ፍራንክ ሽልማት እንደሚከፈለው ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። በራሪው ቢያዝ በአብዛኛው በጦር ምርኮኛነት ይታሰራል፤ ከቀይ መስቀል እሽግ ይደርሰዋል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። (ሲቪል ልብስ ለብሰው ተይዘው ከዚህ የከፋ የደረሰባቸው እንደነበሩ እሙን ነው።) አስጠጊው ግን ቢያዝ ይሞታል። እንግዳው የሚያሰጋው እስራት ሆኖ ሳለ አስተናጋጁ የሚከፍለው ነፍሱን ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ ምጽዋትን ከተረፈን ላይ እንደሚቆረስ ነገር አድርገን እናስባለን፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከእንግዳቸው ይልቅ ራሳቸውን ለከፋው አደጋ አጋልጠው ነው በር የከፈቱት። እንጀራውም ቢሆን የተረፈ አልነበረም፤ ምግብ በራሽን ካርድ በሚታደልበት ዘመን ካርድ የሌለው ጎልማሳ በጓዳ ተደብቆ ሲበላ የቤቱ ልጆች ድርሻ ይቀንሳል። በአክዓብ ዘመን፣ በዚያ ጽኑ ድርቅ፣ አብድዩ መቶ ነቢያትን ኀምሳ ኀምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሽጎ እንጀራና ውኃ ይመግባቸው የነበረውን ስናነብ፣ ንጉሡ ለፈረሶቹ ሣር ፍለጋ አገር በሚያስስበት በዚያው ጊዜ መሆኑን ልብ አንለውም።

እንግዳውን ማሳደር ብቻ አልበቃም፤ ከአገር ማስወጣትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1941 ነሐሴ ወር አንድሬ ደ ዮንግ የምትባል የ24 ዓመት የብራስልስ ወጣት፣ አንድ የእንግሊዝ ጦር ወታደርና ሁለት ቤልጅየማውያን ይዛ፣ ፈረንሳይን አቋርጣና የፒሬኔን ተራራ በእግሯ ተሻግራ በስፔን ቢልባኦ ከተማ በሚገኘው የብሪታንያ ቆንስላ በር ላይ ቆመች። የወጪያቸው ገንዘብ ከተሰጣት ሌሎችንም እንደምታመጣ ነገረቻቸው። እንዲህ ተጀምሮ ኮሜት፣ ማለትም ጅራታም ኮከብ የተባለው ስውር መስመር ተዘረጋ። እርሷ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎችን ራሷ እየመራች ተራራውን አሻግራለች። እኛ ብንሆን የውስጥ አርበኞች እንላቸው ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በጠላት አፍንጫ ሥር ተቀምጠው ስንቅና ወሬ ያቀብሉ፣ ሰው ይሸሽጉ የነበሩትን እናቶቻችንን ያስታውሱኛል።

ሥራው ጥቃቅን ነገር የሚጠይቅ ነበር። የበራሪው የደንብ ልብስ ይወልቅና ይቃጠላል ወይም ይቀበራል፤ የሠራተኛ ልብስና ቆብ ይሰጠዋል። አሜሪካዊ ከሆነ ሥጋውን ከቆረጠ በኋላ ሹካውን ወደ ቀኝ እጁ እንዳያዛውር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሳንቲም እንዳያንቃጭል፣ ማስቲካ እንዳያኝክ ይማራል። በባቡር ከብራስልስ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ቃል አይተነፍስም። ከተራራው ሥር ባለችው የዩሩኝ መንደር ጫማውን አውልቆ ሶሉ በገመድ የተሠራ ሸራ ጫማ ያደርጋል፤ በሌሊት ድምፅ ሳያሰማ ድንጋዩን እንዲቆነጥጥለት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1943 የአሜሪካ አውሮፕላኖች በአንትወርፕ አጠገብ በምትገኘው ሞርትሰል ውስጥ ጀርመኖች አውሮፕላን የሚጠግኑበትን ፋብሪካ ለመምታት መጡ። አብዛኛው ቦምብ ፋብሪካውን ስቶ በመኖሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ 936 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 209ኙ ከ15 ዓመት በታች የነበሩ ልጆች ናቸው። ቤልጅየማውያን በራሪዎቹን ነፃ አውጪዎቻችን ብለው ይጠብቋቸው ነበር፤ ሬሳ ያስነሡአቸውም እነርሱው ሆኑ። ከዚያ ቀን በኋላ የወደቀ በራሪ አይቶ በሩን የዘጋ አባት ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የኮሜት መስመር አልተቋረጠም። ከሞርትሰል በኋላም በራሪዎች ይወድቁ ነበር፤ ቤልጅየማውያንም ያነሡአቸው ነበር።

ከዚህም የሚያስጨንቅ አለ። የመስመሩን የብራስልስ ክፍል ይመራ የነበረው ባሮን ዣን ግሬንድል፣ ለድሆች ልጆች ምግብ በሚታደልበት በስዊድን ቀይ መስቀል ምግብ ቤት ሆኖ ብዙ በራሪዎችን አትርፏል። ተይዞ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱን እየጠበቀ በኤተርቤክ የጦር ሰፈር ታስሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1943 የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ብራስልስን ሲደበድቡ በታሰረበት ቦታ በቦምብ ሞተ። በራሪዎችን ያዳነ ሰው የሞተው በራሪዎች በጣሉት ቦምብ ነው። ይህን ታሪክ ለማሳመር አልሞክርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን «ለበጎ ነው» ብሎ ማለፍ የሚቀናን ብዙዎች ብንሆንም፣ የኢዮብ ወዳጆች የተገሠጹት እንዲህ ያለውን ፈጥነው ስላብራሩት መሆኑን አልረሳም።

የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። ሁልጊዜም በመንገዱ ላይ የተኛውን ቁስለኛ ንጹሕ ሰው አድርጌ ነበር የምስለው። ወንጌሉ ግን ስለ ቁስለኛው ጠባይ አንዲት ቃል አይናገርም። ወንበዴዎቹ ገፈውታል፤ ስለዚህ ልብሱ የየትኛው ሕዝብ ሰው እንደሆነ አይናገርም። በሕይወትና በሞት መካከል ነው፤ ስለዚህ አንደበቱ አይመሰክርም። ምናልባት ደግ ነበር፤ ምናልባትም ራሱ ሰው በድሎ የመጣ ነበር። ሳምራዊው ዘይትና ወይን ሲያፈስለት ይህን አልጠየቀም። ጠያቂው የሕግ ዐዋቂ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ የሰውን ዝርዝር ሲፈልግ፣ ጌታችን ዝርዝሩን ትቶ ባልንጀራ የሆነው ማን እንደሆነ መልሶ ጠየቀው። በምሳሌው ልብሱን የገፈፉት ወንበዴዎች ናቸው፤ በቤልጅየም ግን የበራሪውን ልብስ የገፈፉት አዳኞቹ ነበሩ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ፣ ተራ ሰው ሆኖ እንዲያልፍ። እኛም በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን የወረደብን ሕዝብ ልጆች ስለሆንን፣ ከሰማይ የወረደውን ሰው በሰውነቱ ብቻ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

የኮሜት ሰዎች መመሪያ በላቲን የተጻፈ ነበር፤ «ሳትመታ ተዋጋ» ማለት ነው። መሣሪያ አልያዙም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1943 ወደ ስፔን ለመግባት የሚሻገሩትን የቢዳሶዋን የድንበር ወንዝ ዝናብ ስለሞላው አንድሬ ከሦስት በራሪዎች ጋር በዩሩኝ፣ በባስክ ተወላጅዋ በፍራንቺያ ኡሳንዲዛጋ የእርሻ ቤት ውሎ ለማደር ተገደደች። እዚያ ተያዙ። ፍራንቺያ ልጆች ያሏት መበለት ነበረች፤ ከራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ አልተመለሰችም። አንድሬ በተመረመረች ጊዜ የመስመሩ መሪ እኔ ነኝ ብላ ተናገረች፤ ጀርመኖቹ ግን ይህች ልጅ ይህን ሁሉ ልትመራ አትችልም ብለው አላመኗትም፤ አለማመናቸውም ነፍሷን አተረፈላት። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው አባቷ ፍሬዴሪክ ግን በ1944 ማርች 28 ቀን በፓሪስ አቅራቢያ በጥይት ተገደለ።

እርሷ ከራቨንስብሩክና ከማውትሃውዘን ካምፖች በሕይወት ወጣች። ሜዳልያዎች ተሰጧት፤ ከዚያም በነርስነት ወደ አፍሪካ ሄደች። በቤልጅየም ኮንጎ፣ በካሜሩን፣ በኋላም በእኛው በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል አገልግላለች። የእነዚያን ዘመናት አዲስ አበባ የምታስታውሱ፣ እነዚህ ሕሙማን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጠው ሲለምኑ፣ ሳንቲሙ እጅ ለእጅ እንዳይነካካ ከሩቅ ይወረወርላቸው እንደነበር ታውቃላችሁ። ነርስ ግን ከሩቅ ልትሠራ አትችልም። ጨርቁን ትፈታለች፤ ስሜት የሌለውን እግር በእጇ ይዛ ታጥባለች፤ ቁስሉን አድርቃ እንደገና ትጠቀልላለች፤ በማግሥቱም ያንኑ ትደግመዋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።