ሐና በበዓሉ ቀን ለምን አልበላችም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ደመራው ደምቆ አለፈ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ በሰልፍ ቆመው ሲዘምሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል! በበዓሉ ሰሞን በየቤቱ ስንጠራራ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። «ስንት አመጣ?» የሚለው።

ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚሰማው ዘመን በሚለወጥበት ሰሞን ነው። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ዳቦው ተቆርሷል። አንዷ ጎረቤት «ለመሆኑ የእናንተዋስ ስንት አመጣች?» ትላለች። ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ሲኒ እያለቀለቀች ትሰማለች። እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተዪኝ እባክሽ፣ ጉድ ሠራችኝ» ትላለች። ልጅቷ ይህንንም ትሰማለች። ሲኒው ለቶናው ተመልሶ ይመጣል፤ ይዛው የምትመጣው ግን ታናሽ እህቷ ናት።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር ከመቶው ልጅ የዘጠናውን ቁስል እየነካካን ነው። የአገር ልጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰነፈ? የትምህርቱን ነገር ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሆነው ነው።

ከበዓሉ በኋላ አንዲት እናት ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘችኝ። ልጇ መዝሙር ጥናት ከቀረ ሰንብቷል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ያፈጣል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይነሣል። ትንሽ ነገር ከተናገሩት ይጮኻል። ይማርበት የነበረው በገና አቧራ ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ታላቅ ወንድም ብትነግረው «እምነቱ ቀዝቅዞ ነው፤ ይጹም፣ ይስገድ» አላት። ጎረቤቷ «የሰው ዓይን ነው» አለቻት። አባትየው ደግሞ «ስልኩን ቀሙት፣ ይለቀዋል» ብሏል። ሁሉም መድኃኒት አዟል። ልጁን አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሰማው ግን አንድም ሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬ የምወዳትን እናት ሐናን ላንሣ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ገልጣችሁ አብራችሁኝ አንብቡ።

ሐና ልጅ አልነበራትም። ጣውንቷ ፍናና ግን ነበራት። ቤተሰቡ ሊሰግድና ሊሠዋ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ይወጣል። ሕልቃና ከመሥዋዕቱ ለየሰዉ ድርሻውን ያድላል። ፍናና ሐናን የምታበሳጫት ታዲያ መቼ ነው? እግዚአብሔር ቤት በወጡ ጊዜ ነው! ቤት ውስጥ፣ በአዘቦቱ ቀን፣ ሐና እንደምንም ትችለው ይሆናል። ሰው ሲሰበሰብ፣ ድርሻ ሲታደል፣ ለእገሊት ይህን ያህል ለእገሊት ያን ያህል ሲባል ግን ባዶነቷ በሰው ሁሉ ፊት ይቆጠራል። ስለዚህ ታለቅሳለች። አትበላም። በበዓል ቀን፣ በእግዚአብሔር ቤት ደጅ፣ ካህናት ባሉበት!

ባሏ ይወዳታል። መጽሐፉ ይህን አልሸሸገም። እያባበለም ይጠይቃታል፦ «ለምን ታለቅሻለሽ? ለምንስ አትቀምሺም? ለምንስ ልብሽ ያዝንብሻል?» እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! ምነው እዚያ ላይ ዝም ባለ። መልሷን ሳይጠብቅ ራሱ ጨረሰው፤ «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» አላት።

ስንቶቻችን ነን ሕልቃናን የሆንነው? «ምን ጎደለብህ? በልተህ ታድራለህ፣ ለብሰህ ትወጣለህ። እኔ ባንተ ዕድሜ በባዶ እግሬ ነበር የምማረው።» ወላጅ ይህን የሚለው ከክፋት አይደለም። የለፋው ልፋት ገደል የገባ መስሎት ነው። ልጁ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን «የማዘን መብት የለህም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አፉን ይይዛል። ሐናም እኮ ለሕልቃና አንድ ቃል ስትመልስለት አናነብም። ዝም ብላ ተነሥታ ወደ መቅደሱ ሄደች።

እዚያ ደግሞ ካህኑ ዔሊ ተቀምጧል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፅ አይሰማም። «ስካርሽ እስከ መቼ ነው?» አላት። ወገኖቼ፣ እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። ለጣውንቷ ያልነገረችውን፣ ባሏም ያልገባውን ይዛ እግዚአብሔር ቤት መጣች፤ የእግዚአብሔር አገልጋይ ደግሞ ሰካራም አላት።

ሐና ግን መለሰችለት። «ጌታዬ ሆይ፥ አይደለም፤ እኔስ ልብዋ ያዘነባት ሴት ነኝ» አለችው። ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ አለችው። ይህን ለማለት ስንት ጉልበት ይጠይቃል! እሷ ትልቅ ሰው ናት። የ15 ዓመት ልጅ «አባ፣ ተሳስተዋል፤ ሰንፌ አይደለም፣ ልቤ አዝኖ ነው» የሚል አፍ ከየት ያመጣል? ዝም ይላል። ወይ በሩን ደርግሞ ይወጣል። እኛም «አያችሁ፣ የያዘው ነገር አለ» እንላለን።

እንዳትሳሳቱብኝ። አጋንንት የሉም እያልኩ አይደለም። ጠበልም ኃይል እንዳለው በዓይናችን ያየን ሰዎች ነን። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር (4፥24) በልዩ ልዩ ደዌ የተጨነቁትንና አጋንንት ያደረባቸውን ለየብቻ ነው የቆጠራቸው። እሱ የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን? መጽሐፈ ሲራክም (ምዕራፍ 38) ሐኪምን አክብሩ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይለናል። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም፣ ምእመናን ሁለቱንም ይውሰዱ ብለው አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕመም ሲሆን የት ጠፋ? ክኒን የጀመረችን ልጅ «ጠበል እየተጠመቅሽ ክኒን?» ብሎ ማስጣል ከየትኛው መጽሐፍ የተገኘ ነው? ልጅን በሰንሰለት አስሮ ጠበል ማስገባትስ? ይህን የሚያደርግ ሰው ልጁን ብቻ ሳይሆን ጠበሉንም እያስጠላው መሆኑን ይወቅ።

«አማኑኤል ይገባሃል» የሚለውን ስድብም እንተው። የታመመ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው፤ ስም ማጥፊያ አይደለም። ዛሬ ሕክምናው በሌሎች ሆስፒታሎችም ይገኛል። ለዚያች እናትም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ጸሎቱንም ሐኪሙንም ያዢ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። የሚመጣው እሑድ መዘምራኑ ሲሰለፉ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። ማን እንደሆነ አታውቁም። ምናልባት በጣም የሚስቀው ነው። ምናልባት ከበሮ የሚመታው ነው። ትልቅ ሰው ሲያዝን ይተክዛል፤ ጉርምስና ላይ ያለ ልጅ ግን ኀዘኑ ቁጣ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ወይ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አመመኝ ይላል። የሚወደው ነገር ያስጠላዋል። እንቅልፉ ይዛባል። የአንድና የሁለት ቀን ከሆነ የሁላችንም ነው። ሳምንት በሳምንት ላይ ከተደራረበ ግን ጠባይ አይደለም፤ ሰው ማየት ያስፈልገዋል።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። ልጅ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ «ለማስፈራራት ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍትለታል። አስቤአለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትም መርዝም ከቤት አርቁ። ቀን ሳታሳድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። በዚያች ሰዓት የሲኦልን ነገር አታንሡበት። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ ተግሣጽ ይዞለት አልመጣም። እንጎቻና ውኃ ይዞለት መጣ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ስለ መንገዱ የነገረው በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የቀሪ መዝገብ አላቸው። ሦስት ጊዜ የቀረ ይቀጣል፣ ከመዘምራን ይሰረዛል። መዝገቡ ይቀመጥ፤ ግን ለሌላ ሥራ ይዋል። ሁለት ሳምንት የቀረን ልጅ የሚወዱት ሁለት ጓደኞቹ ቤቱ ይሂዱ። «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «ናፈቅኸን» ብለው። ኳስ አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። በየደብራችን ነርስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፤ እኛ ግን የምናውቃቸው በአሥራታቸው ብቻ ነው። ከጉባኤው አንዱን ቀን ለእነሱ ብንሰጥ፣ ወላጆች ፊት ቆመው ቢያስረዱ ምን ይጎድልብናል?

የንስሐ አባቶቻችንንም በትሕትና እለምናለሁ። ብዙ ጊዜ አባታችን የቤተሰቡ ሁሉ አባት ናቸው። ልጅቷ የምትፈራው ይህንኑ ነው፤ «ለእማዬ ቢነግሩብኝስ?» ትላለች። ምሥጢር እንደማይወጣ እኛ ትልልቆቹ እናውቃለን። እሷ ግን ማንም አልነገራትም። ይነገራት። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ደግሞ አብረዋት ሆነው እናቷ ዘንድ እንደሚሄዱም ቀድሞ ይነገራት።

ወደ ዔሊ ልመለስ፤ ምክንያቱም ዔሊ በስሕተቱ አልቀረም። ሐና «አይደለም» ስትለው አልተቆጣም። «ለካህን እንዲህ ይመለሳል?» አላላትም። ቃሉን ለውጦ «በደኅና ሂጂ» አላት፣ የእስራኤል አምላክ ልመናሽን ይስጥሽ ብሎ መረቃት። ቀጥሎ ምን ተጻፈ? ሐና ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ የሐዘንተኛ ፊት አልሆነም። ልብ በሉ! ገና አልፀነሰችም። የለመነችው ነገር አንዱም በእጇ የለም። ግን ሰው ሰምቷታል፣ ተመርቃለች። ምግቡ ከጉሮሮዋ የወረደላት ያን ጊዜ ነው።

ያ ሽማግሌ በገዛ ልጆቹ እንዳልተሳካለት መጽሐፉ አይደብቅም። የሐና ልጅ ብላቴናው ሳሙኤል እጁ ላይ ሲያድግ ግን ሌላ ዔሊ እናያለን። ዓይኑ ፈዟል፣ አርጅቷል፣ ሌሊት ነው። ልጁ «የጠራኸኝ፥ እነሆኝ» እያለ ሮጦ ይመጣል። አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ ይለዋል። ደግሞ ይመጣል። «ልጄ ሆይ» ይለዋል ዔሊ። ሦስተኛ ይመጣል። እኛ ብንሆን በሦስተኛው ምን እንል ነበር? «አንተ ልጅ፣ አታስተኛንም?» ዔሊ ግን በሦስተኛው ነገሩ ገባው። ልጁ የሚሰማው ነገር እንዳለ አመነው፤ ምን ብሎ እንደሚመልስም አስተማረው።

ሲነጋ ሳሙኤል መናገር ፈራ። የሰማው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበርና። ዔሊ ጠራው፤ «ከእኔ አትሸሽግ» አለው። ልጁም አንድ ሳያስቀር ነገረው። አባት የሚለው ሰው ስለ ልጆቹ ዝም በማለቱ እንደሚፈረድበት፣ በዚያ ሕፃን አንደበት፣ ፊት ለፊት። ዔሊ አልመታውም። ውሸት ነው አላለውም። «እርሱ እግዚአብሔር ነው፤ ደስ ያሰኘውን ያድርግ» አለ።

ልጆቻችንን «ምን ሆነሃል? ከእኔ አትሸሽግ» ብለን ስንጠይቅ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ የፈተና ውጤት አይሆንም። «አባዬ፣ ከእማዬ ጋር ስትጣሉ እንቅልፍ አይወስደኝም» ሊሆን ይችላል። «ቤት የሚመጣው አጎቴ…» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ስም አታቋርጡት። «ሰንበት ትምህርት ቤት ያሾፉብኛል» ሊሆን ይችላል፤ የሚያሾፉት ደግሞ እኛ ያስተማርናቸው ናቸው። እስከ መጨረሻው አስወሩት፣ የነገራችሁን እመኑት፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጉ አብራችሁ ምከሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።