ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ጅቡቲ ላይ ሲዘገይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ክሬን ቢጨመር ማራገፉ ይፈጥናል»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከክሬኑ በታች ነው። 50 ሺህ ቶን ዩሪያ በብትን ይዞ የመጣ መርከብ ጭነቱ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲታሸግ 1 ሚሊዮን ከረጢት ይወጣዋል፤ 400 ኩንታል በሚጭን መኪና ሲሰላ ደግሞ 1,250 ጉዞ ነው። በቀን 6 ሺህ ቶን ለማራገፍ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በየአስር ደቂቃው አንድ መኪና ሞልቶ መውጣት አለበት። መኪናው ሲዘገይ ወይም የከረጢት መስፊያው ክር ሲበጠስ ሆፐሩ (ከክሬኑ የሚወርደውን ዩሪያ ተቀብሎ ወደ ከረጢት መሙያው የሚያወርደው ትልቅ ቁና) ይሞላል፤ ግራቡም (የክሬኑ መንጋጋ) ዩሪያውን እንደነከሰ አየር ላይ ይቆማል። ሌላ ክሬን ማምጣት ቆሞ የሚጠብቀውን ማብዛት ነው። መጀመሪያ በየፈረቃው ሆፐሩ ስር መኪና ያልነበረበት ደቂቃ ይመዝገብ። ከዚያ መኪኖችን በሰዓት ተራ መጥራት፤ መኪና ሲጠፋ ደግሞ ብትኑን ወደ መጋዘን አዙሮ እዚያ ማሸግ።

«ከረጢት ከጎደለ ተሰርቋል»

ስርቆት የለም ማለት አይደለም፤ ግን ሂሳቡ ይቅደም። እያንዳንዱ ከረጢት ከ50 ኪሎ በ200 ግራም ብቻ ቢያልፍ በ1 ሚሊዮን ከረጢት 200 ቶን ይሄዳል፤ ማለትም ማንም ሳይነካው 4,000 ከረጢት «ይጠፋል»። የመሙያ ማሽኑ ሚዛን በየፈረቃው መጀመሪያ በታወቀ ክብደት ይፈተሽ፤ በሥራ መሃልም ከረጢት እየተነሳ ይመዘን።

የጭነቱ መጠን በመርከቡ ላይ የሚለካበት መንገድም ቢሆን ፍጹም አይደለም። መርከቡ ውሃ ውስጥ የገባበትን ጥልቀት በግራና በቀኝ ስድስት ቦታ አንብቦ የሚሰላ ስለሆነ፣ በደንብ ተሠርቶም ግማሽ በመቶ ያህል ሊለያይ ይችላል፤ በ50 ሺህ ቶን 250 ቶን መሆኑ ነው። የባሕሩ ውሃ እፍጋት በሜትር ኩብ 1.027 ቶን ሆኖ ሳለ ሳይለኩ 1.025 ብሎ መጻፍ ብቻውን ወደ 100 ቶን ያሳስታል።

«ዲሜሬጅ ወደቡ የሚጥለው ቅጣት ነው»

አይደለም። ማራገፉ ከተፈቀደው ጊዜ ሲያልፍ በኪራይ ውሉ መሠረት መርከቡን የተከራየው ወገን ለባለቤቱ የሚከፍለው የመዘግየት ክፍያ ነው። የተፈቀደው ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው ካፒቴኑ ለማራገፍ ዝግጁ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ውሉ ባስቀመጠው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ግራብ እስኪወርድ አይጠብቅም። የተፈቀደው ጊዜ ካለቀ ወዲያ ዝናብም በዓልም በአብዛኛው አያስቆመውም።

«ዝናብ ካልዘነበ ማዳበሪያው ደህና ነው»

ዩሪያ በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ትንሽ ከፍ ሲል ውሃ መሳብ ይጀምራል። በባሕር ዳርቻ ሌሊት ይህ ብርቅ አይደለም። ሥራ የሌለበት የመርከቡ ክፍል ክዳን ተከፍቶ ካደረ የላይኛው ዩሪያ ይጋገራል፤ ጓሉ የሆፐሩን አፍ ይዘጋል፣ ከረጢት መሙያውም ይቆማል። ስለዚህ የሚራገፈው ክፍል ብቻ ይከፈት፤ ሆፐሩ አፍ ላይም ጓል የሚያስቀር የብረት ወንፊት ይኑር።