የሼል ስክሪፕት ውጤት ለምን ይንቀራፈፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሊኑክስ ለምትማሩ፣ የቡና መጋዘን መዝገብ የሚያወጣ ስክሪፕት (ተከታታይ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል) ጽፋችሁ ቢጎተትባችሁ ኮምፒውተሩን ለመቀየር አትቸኩሉ። ፕሮግራም ፋይል ለመክፈትም ሆነ ለመጻፍ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ መጥራት አለበት፤ ይህ ጥሪ ሲስተም ኮል ይባላል። ብዙውን ጊዜ ስክሪፕቱን የሚያዘገየው የእነዚህ ጥሪዎች መብዛት ነው።

«ኤኮ ራሱ ከባድ ነው»

አይደለም። ስክሪፕቱን በሚያስፈጽመው ሼል፣ በባሽ ውስጥ፣ ጽሑፍ የሚያትመው ኤኮ አብሮ የተሠራ ትእዛዝ ስለሆነ አዲስ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም) አይፈጥርም፤ ለአንድ አጭር መስመር አንድ ራይት (የመጻፊያ ሲስተም ኮል) ይበቃዋል። ዲስክ ላይ ያለውን ኤኮ በሙሉ አድራሻው ከጠራችሁት ግን ፎርክ (አዲስ ፕሮሰስ መፍጠር)፣ ኤግዜክ (ፕሮግራሙን በዚያ ማስጀመር)፣ ላይብረሪ መጫን ሁሉ ይከተላል።

«>> ሉፑ ውስጥም ሆነ ውጭ ቢሆን ለውጥ የለውም»

በጣም አለው፤ እኔ ስክሪፕት ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው። ውጤትን በፋይል መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ይህ ምልክት ሉፑ (የሚደጋገመው ክፍል) ውስጥ ካለ ባሽ በየዙሩ ፋይሉን ይከፍታል፣ መውጫውን ወደዚያ ያዞራል፣ ይጽፋል፣ ይዘጋል፣ የቀድሞውን መውጫ ይመልሳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ቡና ከጅማ አዲስ አበባ እንደመመላለስ ነው። ምልክቱን ሉፑን ከሚዘጋው ቃል፣ ከዳን (done)፣ ቀጥሎ አድርጉት፤ ፋይሉ አንዴ ተከፍቶ አንዴ ይዘጋል፣ በየዙሩ የሚቀረው ራይት ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ውጭ ስታወጡት > ካደረጋችሁት የፋይሉ የቀድሞ ይዘት ይጠፋል።

«መስመሮቹን በአንድ ፕሪንትኤፍ ካተምኩ አንድ ራይት ብቻ ይሆናል»

ባሽ ላይ ይህ አይሠራም። ባሽ ሲነሳ መውጫውን በየመስመሩ እንዲለቅ አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ ስለዚህ ሺህ አጫጭር መስመር በአንድ ፕሪንትኤፍ ብታትሙም ሺህ ገደማ ራይት ታያላችሁ። ብዙ መስመር ወደ ፋይል የሚጻፍ ከሆነ ሥራውን ጽሑፍ ለሚያቀናብረው ፕሮግራም፣ ለኦክ (awk)፣ ስጡት፤ እሱ በሺዎች የሚቆጠር ባይት በፈር (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ አጠራቅሞ በአንዴ ይጽፋል።

«ማጠራቀም ሁልጊዜ ይጠቅማል»

እያደገ ያለ ሎግ (የክንውን መዝገብ) መስመሮችን በሚመርጠው ግሬፕ አጣርታችሁ በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መስመር) ወደ ሌላ ፕሮግራም ስትልኩ ውጤቱ የሚዘገየው በማጠራቀም ምክንያት ነው። stdbuf የሚባለው ትእዛዝ በየመስመሩ እንዲለቅ ያደርገዋል፤ የራይቱ ብዛት ግን ተመልሶ ይጨምራል።

«ታይም ካሳየኝ ይበቃል»

ታይም የተባለው የጊዜ መለኪያ ትእዛዝ ከርነሉ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ይነግራችኋል፤ የትኛው ጥሪ ስንት ጊዜ እንደተደረገ አያሳይም። ለዚያ ሲስተም ኮሎችን የሚከታተለውን ፕሮግራም፣ ስትሬስን (strace)፣ በቆጠራ ምርጫው ተጠቀሙ፣ የተፈጠሩትን ልጅ ፕሮሰሶችም እንዲከተል አድርጉት። ስትሬስ ራሱ ስክሪፕቱን ስለሚያዘገይ ፍጥነቱን ለብቻው፣ ያለ ስትሬስ ለኩ።