ሪር ፌሲንግ ምንድን ነው? «ከኋላ አስቀምጬዋለሁ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «የዘጠኝ ወር ልጄ ሪር ፌሲንግ ነው፣ ጋቢና አስቀምጬው አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ካር ሲት (የልጅ የመኪና ወንበር) ስገጥም ይችን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት እንጃ። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ አማርኛችን «ወደ ኋላ» ሲል ሁለቱንም ያቅፋል። ግን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ሌላ፣ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ ሌላ። ሪር ፌሲንግ ማለት የልጁ ፊት ወደ ኋላ መስታወት፣ ጀርባው ወደ ሹፌሩ ሲሆን ነው። ለዘጠኝ ወር ልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህላል፣ አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ አስቡ። እናቱ አውቶብስ ውስጥ ወደ ፊት ዞራ ቆማ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ልጁ ከነጭንቅላቱ ሰፊ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ደረቷ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ ብትይዘውስ? ትከሻውን ማሰሪያው ያስቀረዋል፣ ጭንቅላቱን ግን ከአንገቱ በቀር የሚይዘው የለም። ሪር ፌሲንግ ያ ጀርባ ነው። እርግጥ እናትየዋ ራሷም ልትወድቅ ትችላለች፣ ካር ሲቱም በደንብ ካልታሰረ ያው ነው። የመኪናው ቀበቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ላልቷል። ጫፉን ይዞ «ይወዛወዛል» የሚለኝ ሰው አለ፣ ሪር ፌሲንግ ጫፉ ትንሽ ቢወዛወዝ ችግር የለውም።

ደግሞ «እግሩ ታጠፈ፣ አሳዘነኝ» የሚሉ አሉ። ልጅ እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ እኮ እንደኛ አይከብደውም። «አንድ ዓመት ሞላው፣ ወደ ፊት አዞርኩት» የሚሉትም ኬኩን መለኪያ አድርገውታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 እስከ 2 ዓመት ይል ነበር፣ በ2018 ግን ዕድሜውን ትቶ ካር ሲቱ የሚፈቅደው ኪሎ ወይም ቁመት እስኪሞላ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ ካር ሲቶች ሪር ፌሲንግ እስከ 18 ኪሎ ይችላሉ። በአውሮፓ አዲሱ ደንብ 15 ወር ሳያልፍ ማዞር አይፈቀድም፣ እሱም ትንሹ ልክ ነው።

ኤርባጉ ያልጠፋ ጋቢና ላይ ሪር ፌሲንግ በጭራሽ አይቀመጥም። ከማሰሪያው ሥር ወፍራም ጃኬት አይለበስም፣ ጃኬቱ ሲጨመቅ ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል። የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይውጣ። ለአገር ቤት ዘመድ ያገለገለ ካር ሲት የምትልኩም፣ ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ የታተመውን ማብቂያ ቀን እዩ፣ ግጭት ያየ ከሆነ ደግሞ ጣሉት።

አንተ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ልጁን አዙረው። መመሪያው ከጠፋህ የካር ሲቱ ጎን ላይ ተለጥፏል።